ስታንድባይ ከረንቱ በየሳምንቱ የሚጨምር ቡስት ኮንቨርተር፦ ምን ልፈትሽ?

የድልድዩ_ልጅ፦
ሰላም ጎበዞች። ግቢያችን ፒያሳ ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም አይርቅም። ውሃ በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም ሌሊት ነው። እማዬ ቧንቧ ለማየት እየተነሳች እንቅልፍ አጣች። ስለዚህ ውሃ ሲመጣ የሚጮህ ትንሽ ማንቂያ ሠራሁላት። አንድ 18650 ሊቲየም ባትሪ፣ የባትሪውን ቮልቴጅ ወደ 5 ከፍ የሚያደርግ ኤምቲ3608 ቡስት ኮንቨርተር ሞጁል፣ አብዛኛውን ጊዜ የሚተኛ ማይክሮኮንትሮለር፣ ተንሳፋፊ ስዊችና ባዘር። አውትፑቱ ላይ ለጥንቃቄ 5.6 ቮልት ዜነር (ቮልቴጅ ሲበዛ ከረንት ወደ ግራውንድ የሚያሳልፍ ዳዮድ) አለ።

ሞጁሉ ይዞት የሚመጣው የፊድባክ ሬዚስተር (አውትፑቱን ከፋፍሎ ለቺፑ የሚያሳየው ጥንድ) ባትሪ ይበላል። ስለዚህ ላዩን በ1.6 ሜጋ፣ ታቹን በ220 ኪሎ ኦም ቀየርኩት። ያኔ ስታንድባይ ላይ (ሳይጮህ ሲጠብቅ) 190 ማይክሮ አምፔር ብቻ ነበር የሚወስደው። ባለ 2600 ሚሊ አምፔር ሰዓት ባትሪ በስሌት ዓመት ከመንፈቅ ያቆያል ማለት ነው።

ሐምሌ ከገባ ወዲህ ግን ከረንቱ አሻቅቧል። ዛሬ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ 1.4 ሚሊ አምፔር አሳየኝ። በዚህ አያያዙ ባትሪው ሁለት ወር ተኩል ቢቆይ ነው። ቀትር ላይ ፀሐይ ብልጭ ስትል ወደ 500 ማይክሮ ይወርዳል፣ ማታ ተመልሶ ይወጣል። ቺፑን ቀየርኩ፣ ያው ነው። ምን ልፈትሽ?

ባትሪ_ነኝ፦
ባትሪህ ወርዶ ይሆናል። ቡስት ኮንቨርተር የሚፈልገው ኃይል ካልተቀየረ፣ ኢንፑቱ ሲቀንስ ከረንቱን ይጨምራል። ከ4.2 ወደ 3.2 ቮልት ሲወርድ ብቻ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይጨምራል። ቻርጅ አድርገውና እንደገና ለካው።

የድልድዩ_ልጅ፦
ባትሪውን አውጥቼ በፓወር ሰፕላይ ነው የለካሁት፣ 3.7 ቮልት ላይ ቀጥ አድርጌ። ደግሞ የጨመረው አንድ ሦስተኛ አይደለም ወንድሜ፣ ሰባት እጥፍ ነው!

ካውያው፦
አለካክህን ልጠይቅ። መልቲሜትሩን ማይክሮ አምፔር ላይ አድርገህ መስመሩ ውስጥ ካስገባኸው፣ በውስጡ ያለው ሬዚስተር ቮልቴጅ ይቀንስብሃል። ቡስት ደግሞ ከረንት የሚስበው እኩል ሳይሆን በድንገት በድንገት ነው፤ ቁጥሩ ያታልላል። 10 ኦም ሬዚስተር በፕላስ መስመሩ አስገባ። ከሬዚስተሩ ወዲያ፣ በሞጁሉ በኩል ጠና ያለ ካፓሲተር አድርግ። ከዚያ በሬዚስተሩ ጫፎች መካከል ሚሊ ቮልት አንብብ፤ እያንዳንዱ ሚሊ ቮልት 100 ማይክሮ አምፔር ነው።

ሌላው፣ ሁላችሁም ከረንት ከረንት ትላላችሁ። አውትፑቱ ጠዋት ስንት ቮልት ነው? ፊድባክ ፒኑን ግን በመልቲሜትር እንዳትነካ፤ የመልቲሜትሩ 10 ሜጋ ኦም ራሱ ያዛባዋል።

የድልድዩ_ልጅ፦
በ10 ኦሙም ያው 1.4 ሚሊ አካባቢ ነው። አውትፑቱ ግን ጉድ ነው ጋሼ። ስሠራው 4.96 ነበር። ዛሬ ጠዋት 5.4 ነው፣ ቀትር ላይ 5.2።

ካውያው፦
በቃ፣ ተገኘ። ኤምቲ3608 ፊድባክ ፒኑን 0.6 ቮልት ላይ ለመያዝ ነው የሚሠራው። በ1.6 ሜጋና በ220 ኪሎ 4.96 ይሰጥሃል፣ ልክ ነው። አሁን ከፊድባክ ወደ ግራውንድ 2.2 ሜጋ የምታህል ማፍሰሻ ትፈጠር። 220ው 200 ኪሎ ይመስላል። አውትፑቱ ወደ 5.4 ይሄዳል። ያየኸው ቁጥር ነው።

ማፍሰሻው ምንድን ነው? ሬዚስተሮቹን ስትቀይር የቀረ የብየዳ ቅባት ነው የምለው። ሲደርቅ ዝም ይላል። የክረምት እርጥበት ሲያገኘው ከረንት ማሳለፍ ይጀምራል። ማንቂያህ ደግሞ ውሃ አጠገብ ነው የተሰቀለው።

የቀረውን ዜነሩ ሠራው። ባለ 5.6 ዜነር 5.6 እስኪደርስ አይጠብቅም፤ የዚህ ቮልቴጅ ዜነሮች ቀደም ብለው ይከፍታሉ። ውስጡ 0.66 ሚሊ ቢያልፍና ሞጁሉ ከሚወስደው ኃይል 80 በመቶውን ቢያወጣ፣ ባትሪህ ጋ 1.2 ሚሊ ሆኖ ይደርሳል። ለማረጋገጥ ዜነሩን ንቀለው። ከረንቱ ወርዶ ቮልቴጁ 5.4 ላይ ከቀረ አበቃ።

አምስት_ኪሎ_ተማሪ፦
ጋሼ ካሉት ላይ ልጨምር። ቦርዱን በፀጉር ማድረቂያ እያሞቅክ አውትፑት ቮልቴጁን ተከታተል። ወደ 4.96 ከተመለሰ እርጥበት ነው። ከረንቱን ግን በዚያ ሰዓት አትመን፤ የሞጁሉ ሾትኪ ዳዮድ ሲሞቅ በራሱ ከረንት ወደ ኋላ ያፈሳል።

እኔ ብሆን ሬዚስተሮቹን 160 ኪሎና 22 ኪሎ አደርጋቸው ነበር። አውትፑቱ ያው 4.96 ነው። ያቺው 2.2 ሜጋ ማፍሰሻ ብትመጣ ግን ከ5.01 አያልፍም። የሚያስከፍልህ ከባትሪው 50 ማይክሮ እንኳ አይሞላም። ሞጁሉ ሲመጣ ታቹ ላይ ያለው 222 የተጻፈበት ሬዚስተር 2.2 ኪሎ ነው፤ እሱ ብቻውን 273 ማይክሮ ይጠጣል። ስለዚህ መቀየርህ ትክክል ነው፣ ወደ ሜጋ መሄዱ ግን ለዚህ ቦታ በዛ።

የድልድዩ_ልጅ፦
ዜነሩን ስነቅል ከረንቱ ወደ 230 ማይክሮ ወረደ፣ ቮልቴጁ 5.4 ላይ ቀረ። ከዚያ ቦርዱን በ99 በመቶ አይሶፕሮፒል በጥርስ ብሩሽ አጠብኩት። ዜነሩን መለስኩ። ዛሬ ጠዋት በዝናቡ መሀል 4.97 ቮልት፣ 195 ማይክሮ! ሬዚስተሮቹንም እቀይራለሁ። መሸፈኛ ቫርኒሽ ግን አላገኘሁም። የእህቴ ቀለም የሌለው የጥፍር ቀለም ይሆናል? አይሶፕሮፒሉ ሲያልቅስ ካቲካላ?

ካውያው፦
ካቲካላውን ለባለቤቱ ተውለት፤ ውሃ አለበት። የእጅ ሳኒታይዘር ጄልም አይሆንም፣ ግሊሰሪኑ ቦርዱ ላይ ይቀራል። የጥፍር ቀለም ለጊዜው ይሠራል። ግን መጀመሪያ ሬዚስተሮቹን ቀይር፣ እንደገና እጠብ፣ ቦርዱን ሞቅ ያለ ቦታ አሳድረው። እርጥብ ሆኖ ከቀባኸው እርጥበቱን ውስጥ ታሽግበታለህ። የስዊቹ ማገናኛ ላይ እንዳይነካ።