ወልድያ ያለውን የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር ከደሴ ሆኜ እንዴት ላስነሳው?

ሰላም ለሁላችሁ። የምሠራው ደሴ ነው። ወልድያ ባለው መጋዘናችን የኢንተርኔት ስልክ አዳፕተር አለ፤ ተራው የጠረጴዛ ስልክ የሚሰካበት ትንሽዬ ሳጥን ማለቴ ነው። ትናንት መብራት ሄዶ ከመጣ ወዲህ ጭጭ ብሏል። የዚያው ቤት ራውተር ደህና ነው፣ በቪፒኤን እገባበታለሁ። አዳፕተሩም ለፒንግ ("አለህ ወይ?" ለሚለው የኔትወርክ ጥሪ) ይመልሳል፤ ግን የቅንብር ገጹ አይከፈትም፣ ጥሪዎቻችንን የሚያገናኘው አስተሪስክ ሰርቨራችን ላይም አልተመዘገበም።

ነቅሎ መሰካት ሳይሻል አይቀርም፣ አውቃለሁ። ክፍሉ ግን ተቆልፏል፤ ቁልፉን የያዘችው እህታችን ደግሞ ለቅሶ ላይ ናት። በዚህ ሰዓት ደውዬ "ነይ ክፈችልኝ" ልበላት? ነውር ነው።

ከሰርቨሩ "ቼክ-ሲንክ" የሚለውን የኖቲፋይ (ማሳወቂያ) መልእክት ልኬለታለሁ። ብዙ አዳፕተሮች ይህ ሲደርሳቸው ቅንብራቸውን እንደገና ይጭናሉ፣ አንዳንዶቹም ጠፍተው ይነሳሉ። ምዝገባ ስለሌለው በቀጥታ ወደ አይፒ አድራሻው፣ በፖርት 5060 ነው የላክሁት። ዝም! ከርቀት ትእዛዝ መስጫዎቹ ቴልኔትና ኤስኤስኤችም ዝግ ናቸው።

ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ የሚመልስ ዘዴ አትንገሩኝ፤ የሰርቨሩ አድራሻና የይለፍ ቃሉ ከጠፋ ጭራሽ መሄዴ አይቀርም።

አዳፕተሩ የተሰካበትን የራውተር ፖርት ከዚህ ሆኜ ዘግቼ ብከፍተው ይነቃ ይሆን? ወይስ ኃይል የሚያገኘው ከግድግዳ ስለሆነ ከንቱ ድካም ነው? ራውተሩ አይፒ አድራሻ በሚያድልበት በዲኤችሲፒ፣ በአማራጭ 66 የቅንብር ሰርቨር ብጠቁመውስ፣ ሳይነሳ ያነበዋል? የሞከራችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ራውተሩ ማይክሮቲክ ነው።