ክርክር፦ የስፔን ሪፐብሊክ የራሱን አድማ በታኝ ማቋቋሙ ጠቀመው ወይስ ጎዳው?

ዳዊት፦ ትናንት ማታ ቡና ላይ የተነሳ ጭቅጭቅ ነው፤ ሳይቋጭ ስላደረ እዚህ አመጣሁት። ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ዓመቶቹም ወሮቹም ቀኖቹም ሁሉ በፈረንጅ ናቸው። ሚያዝያ 1931 ላይ የስፔን ንጉሥ አልፎንሶ 13ኛ አገር ጥሎ ሄደና ሪፐብሊክ ታወጀ። አዲሶቹ ሰዎች ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ገጠሩን የሚጠብቀው ጓርዲያ ሲቪል ነበር። ከ1844 ጀምሮ ያለ፣ ስሙ "ሲቪል" ይበል እንጂ ወታደር ቀመስ ፖሊስ ነው። የጣሊያንን ካራቢኜር ያሰበ ሰው ይገባዋል። መሬት የሌለው ገበሬ እንደ ጦር ይፈራዋል። ሪፐብሊኩ አላፈረሰውም። ከጎኑ ሌላ ኃይል አቆመ፤ ጓርዲያ ደ አሳልቶ የሚባል፣ እኛ አድማ በታኝ የምንለው ዓይነት። እኔ ስህተት ነበር ባይ ነኝ። የታመመውን ጥርስ ሳይነቅሉ ከጎኑ የወርቅ ጥርስ መትከል ነው። እስቲ ሞግቱኝ።

ሰናይት፦ እሞግትሃለሁ። ሪፐብሊኩ ገና ወር ሳይሞላው፣ ግንቦት 1931 ላይ፣ ማድሪድ ውስጥ ገዳማት ተቃጠሉ። የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሚጌል ማውራ ጓርዲያ ሲቪል ይውጣ አለ። ሌሎቹ ሚኒስትሮች እምቢ አሉ። ለምን? ያ ኃይል የያዘው የጦር ጠመንጃ ነው። ከወጣ ሬሳ ይለቀማል። ካልወጣ ደግሞ ከተማው ይነዳል። መሃል ላይ የሚመረጥ ነገር አልነበረም። አሳልቶ የመጣው ያንን ለመሙላት ነው። ዱላና ሽጉጥ ተሰጣቸው፤ ዘለው ቶሎ እንዲወርዱ ጎኑ ክፍት የሆነ ካሚዮን ተሰጣቸው። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?

ዳዊት፦ ጓርዲያ ሲቪልን ራሱን ዱላ አስይዤ አሰለጥን ነበራ!

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆች፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ፖሊስ ነኝ፤ አንድ ነገር ልበል። ዱላና ጠመንጃ የሚለያዩት በጉዳታቸው ብቻ አይደለም። ዱላ የያዘ ሰው መቅረብ አለበት። ሲቀርብ ፊት ያያል፤ ላብ ይሸተዋል፤ ልጅ ይሁን ሽማግሌ ይለያል። እኔ አንድ ቀን እጄን አንስቼ ፊቱን ሳየው መልሼ አውርጄዋለሁ። ጠመንጃ የያዘ ግን ከሩቅ ቆሞ የሚያየው ግርግር ብቻ ነው።

ሌላም አለ። ጓርዲያ ሲቪል በተወለደበት ቀዬ እንዲያገለግል አይፈቀድለትም ነበር። ከሌላ አውራጃ አምጥተው ከሚስትና ከልጆቹ ጋር ሰፈር ውስጥ ያስገቡታል። መንገድ ሲወጣ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው፤ ያ የሚያብረቀርቅ ጥቁር ባርኔጣ አናቱ ላይ። መንደሩ ውስጥ አበልጅ የለው፣ ማኅበርተኛ የለው። ሆን ተብሎ ባዕድ ተደርጓል። ካስቲልብላንኮ በምትባል የባዳኾስ መንደር በ1931 የመጨረሻዋ ዕለት የሆነውን አስቡት። የገበሬዎቹን ሰልፍ ለመበተን አራት ዘቦች ተላኩ። አንድ ሰው ተተኩሶበት ሞተ። ሕዝቡ አራቱንም እዚያው ገደላቸው፤ ሬሳቸውን ሳይቀር ቆራረጠው። እንዲህ ያለ ጥላቻ በአንድ ቀን አይበቅልም።

ሰናይት፦ ጋሼ፣ የቀጠለውንም ይንገሯቸው። ሳምንት ሳይሞላ አርኔዶ በምትባል ከተማ የጫማ ፋብሪካ ሠራተኞች ሰልፍ ወጡ። ጓርዲያ ሲቪል ተኩሶ 11 ሰው ገደለ። ሴቶችና ሕፃን አሉበት። ለካስቲልብላንኮ ደም መመለሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ዳዊት፣ ይህን ነው ዱላ የምታስይዘው?

ምንተስኖት፦ ዱላ፣ ዱላ፣ ዱላ! ካሳስ ቪዬኻስ ላይም ዱላ ነበር የያዙት?

ለረሳ ሰው ላስታውስ። ጥር 1933፣ በካዲዝ ክፍለ ሀገር ያለች የደሃ መንደር። ገበሬዎቹ መንግሥት የሚባል ነገር አበቃ፣ መሬት የጋራ ሆነ ብለው አወጁ፤ የጓርዲያ ሲቪሉን ሰፈር ከበቡ። ሁለት ዘቦች ተመተው በኋላ ሞቱ። ከዚያ አሳልቶዎቹ መጡ። ሴይስዴዶስ የሚሉት ሽማግሌ ነበር፤ "ስድስት ጣት" ማለት ነው። ከልጆቹና ከጎረቤቶቹ ጋር የሣር ጎጆው ውስጥ መሽጎ እምቢ አለ። ሌሊት ካፒቴን ማኑኤል ሮኻስ የሚባለው ሰው ከነአጃቢው ደረሰና ጎጆዋን ለኮሳት። ከእሳቱ አንዲት ወጣት ሴትና አንድ ልጅ ብቻ አመለጡ። ሲነጋ ደግሞ ካፒቴኑ ሰው ከየቤቱ አስለቀመ። ወደ 12 የሚሆኑትን እዚያው የተቃጠለው ጎጆ አጠገብ አቆሞ አስረሸናቸው። ይህን ያደረገው የንጉሡ ፖሊስ አይደለም። እናንተ የምትሏት የሪፐብሊኩ ልጅ ናት።

ዳዊት፦ እኔም ልላችሁ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር። በዚያው ዓመት ኅዳር የግራ ክንፉ ምርጫ ተሸነፈ። ምክንያቱ ይህ ብቻ ነው አልልም፤ እርስ በርሳቸውም ተከፋፍለው ነበር፤ አናርኪስቶቹም፣ መንግሥት የሚባል ይጥፋ ባዮቹ፣ አትምረጡ ብለው ቀስቅሰዋል። ግን "ካሳስ ቪዬኻስ" የሚለው ስም ጠቅላይ ሚኒስትሩን አሳኛን ከፓርላማ እስከ ጎዳና ተከትሎታል።

ሰናይት፦ አልክድም፤ ግፍ ነው። ግን ሁለት ነገር አስቡ። አንደኛ፣ የፓርላማ መርማሪዎች መንደሩ ድረስ ሄደዋል፤ ካፒቴኑም ፍርድ ቤት ቆሞ ተፈርዶበታል። በንጉሡ ጊዜ ማን ነበር የሚጠይቀው? ሁለተኛ፣ ከዚያ አምስት ወር ቀደም ብሎ፣ ነሐሴ 1932 ላይ ጄኔራል ሳንኩርኾ መፈንቅለ መንግሥት ሞክሯል። ሰውዬው ማን ነው? እስከዚያው ዓመት መጀመሪያ የጓርዲያ ሲቪሉ አዛዥ የነበረ! ማድሪድ ላይ ሙከራውን ካከሸፉት አንዱ አሳልቶ ነው። ያንን ኃይል ባያቋቁሙ ኖሮ ሪፐብሊኩ በዓመቱ ተቀብሮ ነበር።

ምንተስኖት፦ የአሳልቶው የመጀመሪያ አዛዥስ ማን ነበር? ሙኞስ ግራንዴስ። ሰውዬው በኋላ፣ በ1936 በሪፐብሊኩ ላይ ካመፀውና አሸንፎ ስፔንን ከገዛው ከጄኔራል ፍራንኮ ጎን ተሰለፈ፤ በ1941 ሂትለርን ለማገዝ ሩሲያ የዘመተውን የስፔን ክፍለ ጦር መራ፤ የፍራንኮ ምክትልም ሆኗል። መኮንኑን ከድሮው ጦር አምጥተህ አዲስ ካኪ ብታለብሰው ያው ነው። ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም።

ሄለን (ከማድሪድ)፦ እኔ የምኖረው እዚሁ ነው፤ ጣልቃ ልግባ። ፖንቴኾስ የምትባል ትንሽ አደባባይ አለች። ዛሬ ክር፣ አዝራርና ዳንቴል የሚሸጡ ሱቆች ናቸው ያሉባት፤ እኔም ለልጄ ልብስ አዝራር የምገዛው እዚያ ነው። በ1936 የአሳልቶ ሰፈር ነበረች። ሐምሌ 12 ማታ ካስቲዮ የሚባል የአሳልቶ መቶ አለቃ፣ ሶሻሊስት፣ መንገድ ላይ ተገደለ። ጓዶቹ ደማቸው ፈላ። ሌሊቱን ከፖንቴኾስ ካሚዮን ቁጥር 17 አስነስተው የቀኙን ክንፍ መሪ ካልቮ ሶቴሎን ከቤቱ አወጡት። እንግዲህ በመንግሥት መኪና፣ የደንብ ልብስ በለበሱ ሰዎች። ካሚዮኑ ላይ እንዳለ ጭንቅላቱን መቱትና ሬሳውን መቃብር ቦታ ጥለውት ሄዱ። ቡድኑን ይመራ የነበረው ግን አሳልቶ አይደለም። ሲቪል የለበሰ የጓርዲያ ሲቪል መኮንን ነው። ሁለቱም ዘብ አንድ ካሚዮን ላይ ነበሩ። አራት አምስት ቀን ሳይቆይ ጦሩ አመፀ።

ዳዊት፦ ይህን አላውቅም ነበር። ሁለቱ ኃይሎች ጠላትና ወዳጅ ሆነው የተለያዩ ይመስለኝ ነበር።

ጋሽ ታደሰ፦ አልተለያዩማ። ጦሩ ሲያምፅ ጓርዲያ ሲቪል ራሱ ለሁለት ተሰነጠቀ፤ ግማሹ ገደማ ከመንግሥት ጋር ቀረ። ባርሴሎና ላይ ሐምሌ 19 ከተማው የሚጠብቀው ይህ ኃይል ወዴት እንደሚያዘነብል ነበር። አሳልቶዎቹና ሠራተኞቹ ከጠዋት ጀምሮ እየተዋጉ ነው። ከሰዓት ላይ የጓርዲያ ሲቪሉ ኮሎኔል ኤስኮባር ሰዎቹን አሰልፎ በዋናው መንገድ መጣ። የካታሎኒያው መሪ ኮምፓኒስ ሰገነት ላይ ቆሟል። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ እነዚህ ባለ ጥቁር ባርኔጣዎች ናቸውና ዘወር ብለው ቢተኩሱስ? ኮሎኔሉ ሰላምታ ሰጠ፤ ለትእዛዝዎ ዝግጁ ነኝ አለ። ሠራተኛው የሚጠላውን ዘብ ያን ቀን አጨበጨበለት።

ምንተስኖት፦ ጋሼ፣ ይህ የአንድ ሰው ጨዋነት ነው። የተቋሙ አይደለም።

ጋሽ ታደሰ፦ እሱማ ነው። ኤስኮባር ቤተ ክርስቲያን ሳሚ፣ አጥባቂ ካቶሊክ ነበር። ሪፐብሊኩ ሕጋዊ መንግሥት ነው፣ እኔም ምያለሁ ብሎ ነው የቆመው። አንተ ግን መኮንኑ ከድሮው ጦር ከመጣ ያው ነው አልክ። ሰውዬውስ ከየት መጣ?

ሰናይት፦ ዳዊት፣ አሁንስ ምን ትላለህ?

ዳዊት፦ ግማሽ መንገድ መጥቻለሁ። በ1931 ዱላ የያዘ ፖሊስ ማስፈለጉን ተቀብያለሁ። የካሳስ ቪዬኻሱን ካፒቴን የመረጠውንና ቶሎ ጨርሱት ብሎ የላከውን ሰው ግን አልምርም። ሄለን፣ በመጨረሻ የቱ ኃይል ተረፈ?

ሄለን፦ አሳልቶን ፍራንኮ አፈረሰው፤ በቦታው ግራጫ ልብስ የለበሰ ፖሊስ ተካ። ጓርዲያ ሲቪል ዛሬም አለ፤ ከከተማ ወጣ ሲባል መንገድ ላይ ትራፊክ የሚቆጣጠሩት እነሱ ናቸው። በ1981 መፈንቅለ መንግሥት ሲሞከር ሽጉጥ ይዞ ፓርላማ የገባው ቴኼሮም የእነሱ ሌተና ኮሎኔል ነበር። ኤስኮባርን ደግሞ በ1940 ባርሴሎና፣ ሞንኹይክ ምሽግ ላይ ረሸኑት። ክሱ ምን መሰላችሁ? አመፅ።