ዋሱ ለሁለቱም 10,000 ብር፤ ወንድሜ ግን አልወጣም

ቡና አፍይ (ቱሉ ዲምቱ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሕግ የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ። ታናሽ ወንድሜ የቀን ሠራተኛ ነው። እዚሁ ሰፈር የሚሠራ ሕንጻ ላይ ፌሮ ጠፋ ተብሎ ከሌላ ልጅ ጋር ተያዘ። ፋይላቸው አንድ ነው። ፍርድ ቤት ሲቀርቡ ፖሊስ የ14 ቀን ቀጠሮ ጠየቀ። ዳኛዋ አልፈቀዱም፤ እያንዳንዳቸው 10,000 ብር አስይዘው ይውጡ አሉ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም።

የልጁ አጎት ሱቅ አለው። ከሰዓት በኋላ ብሩን ከፍሎ ይዞት ሄደ። የኔው ዛሬ 9ኛ ቀኑ ነው። ዕቁቤን አስቀድመው ሰጥተውኝ፣ የጎረቤት ተጨምሮ 3,500 ደርሻለሁ።

ስንቅ ይዤ ስሄድ በር ላይ "ቅመሺ" ይሉኛል። ክዳኑን ከፍቼ ከጥጉ ቆርሼ እጎርሳለሁ። ትናንት ሽሮው አልወርድ አለኝ። ይስረቅ አይስረቅ ገና ማንም አልፈረደም። ታዲያ ልጁ የታሰረው በፌሮው ነው ወይስ 6,500 ብር ስለጎደለው?

መልስ 1 (ገላን)፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያስፈታልሽ። ግን ዋስ እኮ ሰውየው እንዳይጠፋ ነው። ለሌብነት 10,000 በዛ አይባልም።

መልስ 2 (አያት)፦
ወንድሜ፣ የሚበዛውና የማይበዛው እንደ ሰውየው ነው። ነጻ የሕግ ድጋፍ ላይ ስለምሠራ በየሳምንቱ የማየው ነገር ነው። የ1954ቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ ራሱ አንቀጽ 69 ላይ ዳኛ የዋሱን መጠን ሲወስን የተከሳሹንና የዋሶቹን አቅም እንዲያይ ያዛል። ግን ጠበቃ የሌለው ልጅ ችሎት ፊት "አቅም የለኝም" ማለት እንደሚችል እንኳ አያውቅም። ዝም ይላል። ዝም ሲል ደግሞ ባለሱቅ አጎት ላለው የተቆረጠው ለእሱም ይቆረጣል።

እህቴ፣ አይዞሽ። ለዚያው ችሎት "ዋስትናው ይቀነስልን" ብለሽ በጽሑፍ አመልክቺ። የቀን ክፍያው ስንት እንደሆነ፣ ማንን እንደሚያስተዳድር ይጻፍ። የደመወዝ ማስረጃ የሚያቀርብ ቋሚ ሠራተኛ ዘመድ ካላችሁ፣ በሰው ዋስ እንዲሆን ጠይቂ። ክስ ከተመሠረተበትና ጠበቃ ማቆም ካልቻለ የመንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ይጠይቅ፤ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ አለ።

መልስ 3 (ኮዬ ፈጬ)፦
እኔም ዘበኛ ሆኜ ሳለሁ በሰው ዕቃ ተጠርጥሬ ዋስ አጥቼ 3 ሳምንት ተቀምጫለሁ። ኋላ ማስረጃ የለም ተብሎ ተለቀቅኩ። ስመለስ በቦታዬ ሌላ ሰው ቆሟል። የቤት ኪራይም አልፎብኝ ዕቃዬ ግቢ ወጥቶ ነበር። አሁኑኑ አመልክቺ፣ እንዳትዘገዪ።

ቡና አፍይ፦
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ማመልከቻውን አስጽፌያለሁ፣ ነገ 2፡30 ላይ ሬጅስትራር በር ላይ ነኝ። ካቦው የክፍያ ወረቀት አልሰጥም ብሎኛል። አብረውት የሚሠሩ 2 ልጆች ግን የቀን ክፍያውን መጥተን እንመሰክራለን ብለዋል። የዚያን ቀን ክፍያቸው ይቀርባቸዋል፤ ምሳቸውን እኔ ይዤ እሄዳለሁ።