ባሮሎ ሄዶ የሚያውቅ አለ? ለአማቴ ጠርሙስ ፈልጌ ነው

ጉም_ሱሉልታ፦
ሰላም ቤቶች፣ አንድ ነገር ላማክራችሁ። ሱሉልታ ነው የምኖረው፣ የማሸጊያ ማሽን ጥገና ላይ ነው የምሰራው፣ በጥቅምት መስሪያ ቤቴ ለሁለት ሳምንት ስልጠና ጣሊያን፣ ቶሪኖ ይልከኛል። መሀል ላይ አንድ ቅዳሜና እሁድ ነፃ ስለሆንኩ ሙዚየም ምናምን ከምዞር ባሮሎ የሚባለው የወይን አገር ደርሼ ልምጣ ብያለሁ፣ ቅርብ ነው ሲሉ ሰምቼ።

ነገሩ የአማቴ ነው። በወጣትነታቸው ጣሊያኖች ጋ ሰርተዋል፣ ቤት ውስጥ ጉደር በተከፈተ ቁጥር «ይሄም ደህና ነው፣ ባሮሎን ግን የቀመሰ ያውቀዋል» ይላሉ። እኔ ሞኙ አምና ለፋሲካ እዚሁ መንገዳችን ላይ ካለ ሱቅ አንድ ባሮሎ ገዛሁላቸው፣ የከፈልኩትን አልናገርም ሚስቴም እዚህ ቤት ታነባለች። ሲከፈት ቡሹ ተፈረፈረ፣ ሲቀዳ ደግሞ ደም የመሰለ ቀይ ይሆናል ስል የሸክላ ቀለም፣ ውሃ የገባበት የሚመስል። አፍ ያደርቃል፣ ሽታው ኮምጣጤ። አማቴ በዶሮ ወጡ ላይ አንዴ ተጎነጩለትና «ይሁን፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ብርጭቆውን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። ያቺ «ይሁን» እስካሁን ታቃጥለኛለች።

እና የትኛው ካንቲና (ወይን የሚጠመቅበት ቤት) ነው እንደኔ ዓይነቱን ሰው የሚያስገባው፣ መኪና የግድ ነው ወይ፣ በ50 ዩሮ አካባቢስ አማቴ ፊት የማያሳፍር ጠርሙስ ይገኛል?

የሰበታው፦
ወንድም እንኳን ደስ ያለህ። ቶሪኖ አስራ አንድ ዓመት ኖሬ ነው ሰበታ የገባሁት፣ እዛ ላንጌ የሚሉት ኮረብታማ አገር ላይ ሁለት ዓመት ወይን ለቅሜያለሁ፣ ስለዚህ እኔን ጠይቀኝ።

መጀመሪያ ቀለሙ አያስደንግጥህ። ባሮሎ የሚሰራው ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ የወይን ፍሬ ዓይነት ብቻ ነው፣ እሱ ደግሞ ከተፈጥሮው ቀለሙ ስስ ነው፣ ሲቆይ ጠርዙ ወደ ሸክላ ወደ ብርቱካን ይሄዳል። አፍ ማድረቁም የራሱ ነው፣ ስኳር የሌለው የቆየ ሻይ ድድህን ጭምድድ እንደሚያደርገው ማለት ነው፣ ለዛም ነው ቶሎ የማይለቁት፣ ባሮሎ ለመባል ቢያንስ 38 ወር መቆየት አለበት ከዛ ውስጥ 18ቱን በርሜል ውስጥ፣ ሪዘርቫ የሚባለው ብዙ የሚቆየው ከሆነ 62 ወር። ኮምጣጤው ግን የባለ ሱቁ ነው።

ስሙ ደግሞ ከጉም የመጣ ነው ይላሉ፣ ኔቢያ ማለት ጉም ነው (አንተ መቼም ስምህን አይተህ ይሆናል የመረጥከው 😄)። ዘግይቶ ነው የሚደርሰው፣ እኛ ስንለቅም ጠዋት ጠዋት አጠገብህ ያለው ሰው አይታይህም፣ መቀሱን ነው የምትሰማው። ሱሉልታ ሲነጋ እንደዛው ነው።

መንገዱ፣ ከቶሪኖ በብራ በኩል አልባ ድረስ ባቡር አለ። ከአልባ ወደ መንደሮቹ አውቶብስ አለ ቢባልም እሁድ አትመነው። መኪና ከተከራየህ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃድ ያዝ፣ በሊትር ደም ከ0.5 ግራም አልኮል በላይ ከተገኘብህ ደግሞ ቅጣት ነው፣ ስለዚህ እዛ አገር ቀምሶ መትፋት ነውር አይደለም፣ ባልዲ ያቀርቡልሃል። ካንቲና ሁሉ በቀጠሮ ነው፣ ከአሁኑ ኢሜይል ጻፍ፣ እሁድ ብዙው ዝግ ስለሆነ ቅዳሜን ለካንቲና አድርግና እሁድ ባሮሎ መንደር ያለውን ቤተ መንግሥት እይ፣ የወይን ሙዚየም አድርገውታል፣ ግሪንዛኔ ካቩር ያለውም ቤተ መንግሥት ውስጥ የክልሉ ወይን ተሰብስቦ ይሸጣል። በጥቅምት አልባ ላይ የነጭ ትራፍል (ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ውድ እንጉዳይ) ገበያ ስላለ አልጋ ውድ ነው፣ ቶሪኖ እያደርክ ተመላለስ።

ባሮሎ የሚባለው ወይን የሚወጣው ከ11 ቀበሌ ነው በለው። ላ ሞራና ራሱ ባሮሎ መንደር ላይ የሚወጣው ለስለስ ያለ ነው፣ ሴራሉንጋና ሞንፎርቴ ድርቅ ያለ ነው፣ አፈሩ ይለያያል። ለእንግዳ የሚመቸው ካንቲና ፎንታናፍሬዳ ነው፣ ትልቅ ነው ሴራሉንጋ ላይ። ንጉሥ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ዳግማዊ እ.ኤ.አ. በ1858 ያገኘው መሬት ነው፣ ሮዛ ለምትባል ወዳጁ ሰጣት፣ ኋላም አገባት። አድዋ ላይ ጦሩ ያለቀበት ኡምቤርቶ የዚህ ንጉሥ ልጅ ነው፣ እንግዲህ እዛ ስትጠጣ ትንሽ ደረትህን ነፋ አድርግ።

ብርሌ፦
ሆቴል ውስጥ ወይን አቅራቢ ነኝ፣ ከየሰበታው ጋር በብዙው እስማማለሁ ግን በ50 ዩሮ ባሮሎ ሙጭጭ ማለቱ አይዋጥልኝም። ባሮሎ ያንን ዋጋ ስትል መካከለኛው ነው የሚደርስህ፣ ስም ያለው ከሆነማ ሞንፎርቲኖ የሚባለው የጃኮሞ ኮንቴርኖ ወይን ከሺ ዩሮ በላይ ነው።

ባርባሬስኮ ሂድ። ከአልባ በሌላው በኩል ነው፣ ወይኑ ያው ኔቢዮሎ፣ 26 ወር ነው የሚቆየው። እዛ መንደር ጋያ የሚባል ወይን ጠማቂ አለ፣ ስሙ ዓለምን የዞረ፣ በሩን ግን አታንኳኳ ለእኔና ላንተ አይደለም። ከእሱ ብዙ ሳትርቅ ፕሮዱቶሪ ዴል ባርባሬስኮ የሚባል የገበሬዎች ማህበር አለ። እ.ኤ.አ. በ1958 የሰፈሩ ቄስ 19 ገበሬ ሰብስበው የመሰረቱት ነው፣ አሁን ከ50 ቤተሰብ በላይ ናቸው፣ ደህና ዓመት ሲሆን የዘጠኝ ማሳ ወይን ለየብቻው ያሽጋሉ፣ አሲሊ፣ ራባያ፣ ሞንቴስቴፋኖ እያሉ። ተራው ባርባሬስኳቸው 30 ከምናምን ዩሮ ነው፣ በዛ ዋጋ ከዛ የተሻለ ኔቢዮሎ አሳየኝ።

ስለ ሱቁ አንድ ጥያቄ፣ ጠርሙሱ ቆሞ ነበር ተኝቶ?

ጉም_ሱሉልታ፦
ቆሞ። መስኮቱ ላይ፣ ፀሐይ ፊት ለፊት። ስሙን የያዘው ወረቀት ራሱ በአንድ ጎኑ ነጥቷል፣ እኔ የቆየ ስለሆነ ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር እኮ።

ብርሌ፦
በቃ ቡሹ ደርቆ አየር አስገብቷል፣ ሙቀቱ ደግሞ ቀቅሎታል። እዛ ስትገዛ አንገቱ ላይ ቁጥር ያለው የመንግሥት ወረቀት መለጠፉን እይ፣ እዚህ ስታመጣው አስተኝተህ ጨለማ ቦታ አስቀምጥ። ከበርበሬ ጋር ደግሞ አታቅርበው፣ ማድረቁን እጥፍ ነው የሚያደርገው፣ ያ ዶሮ ወጥም ድርሻ አለው። ሚጥሚጣው ቀለል ያለ ክትፎ ነው የሚሄድለት፣ እነሱም አገር በቢላ የተከተፈ ጥሬ ሥጋ በዘይት አድርገው ይበላሉ፣ ካርኔ ክሩዳ ይሉታል፣ ስትሄድ እንዳያመልጥህ። ከምግቡ ሁለት ሰዓት በፊት ክፈተው።

የእማማ_ጠጅ፦
ሰው ጠጅ እያለ 😂 ቆይ ግን ባሮሎ ኪናቶ የሚባል አለ አሉ፣ የኪኒኑ ዛፍ ቅርፊት የሚዘፈዘፍበት ባሮሎ። አማትህ ጤና ከሌላቸው እሱን ውሰድላቸው ሁለት በአንድ ነው።

የሰበታው፦
አለ አለ፣ ሴራሉንጋ ላይ ፋርማሲስት ነበር የጀመረው፣ ከእራት በኋላ በትንሽ ብርጭቆ ነው። ጣፋጭም መራራም ነው፣ ጌሾ ለለመደ አፍ ይስማማል። ጉም፣ ጋቢህን ይዘህ ሂድ፣ ጠዋት ይበርዳል፣ ስትመለስ ጠርሙሱን ጠቅልልበትና ሻንጣ መሀል አድርገው። በእጅ ይዘህ በፍተሻ አያልፍም።

ጉም_ሱሉልታ፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም። ማህበሩ ጋ ኢሜይል ጽፌ ቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ሰጥተውኛል።

ትናንት አማቴ ጋ ሄጄ ነበር፣ ላንቃቸው የሚወደውን ልወቅ ብዬ ዘወርወር አድርጌ «አባባ፣ ያኔ የጠጡት ባሮሎ የላ ሞራ ነበር የሴራሉንጋ?» አልኳቸው። ትንሽ አዩኝና «ኧረ ልጄ፣ እኔ ሳጥኑን ከመኪና ማውረድ ነበር ሥራዬ። የቀመሰ ያውቀዋል ይሉ የነበሩት እነሱ ናቸው» አሉኝ።

ለካ በሕይወታቸው የቀመሱት ባሮሎ ያ እኔ የገዛሁት ኮምጣጤ ብቻ ነው። አሁን ሁለት ጠርሙስ ሆኗል፣ አንዱ የማህበሩ ባርባሬስኮ፣ አንዱ የግድ ባሮሎ የሚል የተጻፈበት። ብርሌ አትቆጣ።