ባሕሩ ሳይፈላ ውሃው እንዴት ወደ ሰማይ ይወጣል?

ጥያቄ፦
ለልጄ የውሃን ዑደት ሳስረዳው መልስ ያጣሁለትን ጥያቄ ጠየቀኝ። ውሃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ባሕር ግን እንኳን ሊፈላ ሰው የሚዋኝበት ነው። ታዲያ ሳይፈላ እንዴት ይተናል? ደግሞስ ደመና ውሃ ከሆነ፣ ውሃም ከአየር የሚከብድ ከሆነ፣ ለምን ወዲያው አይወርድም? የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ምላሽ 1፦
መፍላትና መትነን አንድ አይደሉም። ውሃ ሲፈላ ከውስጡ ጭምር አረፋ እየሠራ ወደ ተን ይለወጣል፤ ሲተን ግን የሚለቀው ከላይኛው ገጹ ብቻ ነው። ውሃ ቀዝቃዛም ቢሆን ሞለኪውሎቹ እኩል ፍጥነት የላቸውም፤ በገጹ ላይ ካሉት መካከል እጅግ ፈጣኖቹ የሌሎቹን ስበት አምልጠው አየር ውስጥ ይገባሉ። ጥላ ውስጥ የተሰጣ ልብስ የሚደርቀው በዚሁ ምክንያት ነው። የሚቀሩት ዝግተኞቹ ስለሆኑም ውሃው ይቀዘቅዛል፤ እጅዎን አርጥበው እፍ ቢሉበት ቅዝቃዜው ወዲያው ይሰማዎታል። ጨው አብሮ አይተንም፤ በምድር ላይ ካለው ውሃ 97 ከመቶ ያህሉ የባሕር ውሃ ሆኖ ሳለ ዝናብ ጨው ጨው የማይለው ለዚህ ነው።

ምላሽ 2፦
ስለ ደመናው እኔ ልጨምር። ብዙዎቻችን ደመናን የውሃ ተን ነው እንላለን፤ ነገር ግን ተን በዓይን አይታይም። ደመና የምንለው፣ ተኑ ወደ ላይ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ የሚፈጠሩት ደቃቅ የውሃ ጠብታዎች ወይም የበረዶ ቅንጣቶች ናቸው። የሚፈላ ማንቆርቆሪያን ራቅ ብለው ቢመለከቱ፣ ልክ አፉ ላይ ምንም አይታይም፤ ነጩ ጉም የሚጀምረው ከአፉ ትንሽ ርቆ ነው። ተኑ ጠብታ እንዲሆን የሚያርፍበት ብናኝ፣ የጭስ ወይም የባሕር ጨው ቅንጣት ያስፈልገዋል። አንድ የደመና ጠብታ ውፍረቱ 0.02 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው። መውረዱንስ ይወርዳል፤ ነገር ግን አየሩ ስለሚያግደው በሴኮንድ የሚወርደው 1 ሴንቲሜትር ገደማ በመሆኑ፣ ወደ ላይ የሚነፍስ ደካማ አየር እንኳ ይዞ ያቆየዋል። 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የዝናብ ጠብታ እንዲፈጠር የአንድ ሚሊዮን ያህል እንዲህ ያሉ ጠብታዎች ውሃ መሰብሰብ አለበት።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ማንቆርቆሪያውን ከልጄ ጋር ተመለከትነው፤ በአፉና በጉሙ መካከል ያለውን ባዶ የሚመስል ክፍተት እስከ ዛሬ አስተውዬው አላውቅም ነበር። ለመሆኑ የተነነው ውሃ አየር ላይ ምን ያህል ይቆያል?

ምላሽ 3፦
በአማካይ ከ8 እስከ 10 ቀን ነው። ከወረደ በኋላ ግን ቆይታው እንደ ወደቀበት ቦታ እጅግ ይለያያል። የዕፅዋት ሥር የሳበው በቅጠሎች ቀዳዳ በኩል ቶሎ ተመልሶ ይተናል፤ ወንዝ ውስጥ የገባው በሳምንታት ወይም በወራት ባሕር ይደርሳል፤ ወደ ከርሰ ምድር በጥልቀት የሰረገው ወይም በዋልታዎች በረዶ የተያዘው ግን ለሺህ ዓመታት ሊቆይ ይችላል። ለልጆች የሚሳለው ክብ ሥዕል ይህን አለማሳየቱ ያሳዝነኛል፤ ውሃ ሁሉ በአንድ ፍጥነት የሚዞር ያስመስላልና፣ ከጥልቅ ጉድጓድ የወጣው ውሃ በሚቀጥለው ዝናብ የሚተካ ይመስላቸዋል። ሥዕሉን ለልጅዎ ሲያሳዩት በየቀስቱ አጠገብ ቀኑን፣ ወሩንና ዓመቱን ቢጽፉለት መልካም ነው እላለሁ።