ጊር ማርሽ ብቻ አይደለም

ሰላም ለሁላችሁ። በቅርቡ እንግሊዝ የገባው ወንድማችን «ጊርህን ልበስ አሉኝ፤ ማርሽ እንዴት ይለበሳል?» ብሎ ጠይቋል። እኔም ሊድስ ውስጥ መጋዘን ስቀጠር የገጠመኝ ይኸው ነው። አለቃው «ጊርህ የታለ?» ሲለኝ ዓይኔ የሄደው ወደ ፎርክሊፍቱ ነበር። እሱ የፈለገው ግን የሚያንጸባርቀውን ሰደርያ፣ ጓንቱንና አፍንጫው ብረት የሆነውን ጫማ ነው። ያለ ጫማው አላስገቡኝም። ሮጬ በራሴ ገንዘብ ገዛሁ፤ የግማሽ ቀን ሒሳቤም ቀረ።

ችግሩ ቃሉን የምናውቀው በመኪና በኩል መሆኑ ነው። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ ሁሉም ከጣሊያንኛ የወረስናቸው ናቸው። የእንግሊዝኛው ጊር ግን የመጣው ከቫይኪንጎች ነው። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ከዴንማርክና ከኖርዌይ መጥተው እዚሁ ሰሜን እንግሊዝ ሰፈሩ። በእነሱ ቋንቋ «ገርቪ» ልብስና ትጥቅ ነው፤ ማድረግ፣ ማሰናዳት ከሚል ግስ የወጣ። እንግሊዞቹም መጀመሪያ የያዙት ይህንኑ ትርጉም ነው። የማሽን ጥርስ፣ ያ የብስክሌት ካቴና የሚነክሰው ዓይነት፣ ጊር የተባለው ከብዙ ዘመን በኋላ ነው። የመኪናው ደግሞ የትናንት ልጅ ነው። ስለዚህ መለበሱ ይቀድማል!

ሊድስ ያላችሁ፣ ገበያው ያለበትን ኪርክጌት ታውቁታላችሁ። እዚያ «ጌት» በር ማለት አይደለም። በእነዚያው ሰዎች ቋንቋ መንገድ ነው፤ የቤተ ክርስቲያን መንገድ እንደማለት። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ባለፍኩበት ቁጥር ታፔላውን አያለሁ።

ሬይን ጊር የዝናብ ልብስ ነው። ላንዲንግ ጊር አውሮፕላን የሚያርፍበት እግርና ጎማ። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፤ በዚህ አገር የሰፈር ቋንቋ ጊር አደንዛዥ ዕፅም ነው። ማታ መንገድ ላይ የማታውቁት ሰው «ጊር ትፈልጋለህ?» ካላችሁ መልስ ሳትሰጡ እለፉ።

ወንድሜ፣ ዋናው ነገር ይህ ነው። ሥራው የግድ የሚፈልገውን የአደጋ መከላከያ ልብስና ጫማ በነጻ ማቅረብ የአሠሪው ግዴታ ነው። ሕጉ በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1992 ጀምሮ አለ። እኔ ያኔ አላወቅኩም ነበር። አንተ ግን ከኪስህ ገዝተህ ከሆነ ደረሰኙን ይዘህ ሂድና ጠይቃቸው።