ቡና እስከመቼ «አረቢካ» እየተባለ ይኖራል?

የቡና ልጅ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ቡና በተፈጥሮ የበቀለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ነው። ስዊድናዊው የዕፅዋት ሊቅ ሊኔየስ ግን እ.ኤ.አ. በ1753 በላቲን «ኮፌያ አረቢካ»፣ የአረብ ቡና፣ ብሎ መዘገበው። አውሮፓ የደረሰው በየመን በኩል ነበራ። ስህተቱ ከታወቀ ለምን አይታረምም?

መምህርት፦ ወንድሜ፣ ቁጭትህ ይገባኛል። ግን ዓለም አቀፉ የዕፅዋት ስያሜ ደንብ ቀድሞ የታተመውን ስም ይጠብቃል። ትውልድ አገሩን ማሳሳቱ ብቻ ስሙን አያስነሳም። ግራርን እይ። እኛ ግራር የምንለው ብዙ ዓይነት ዛፍ ነው፤ አብዛኛው በሳይንስ «አካሺያ» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ቪየና ላይ ዓለም አቀፉ የእፅዋት ጉባኤ ስሙን ለአውስትራሊያ ዛፎች ሰጠ፤ በ2011 ሜልቦርን ላይም ጸና። የእኛዎቹ «ቫቼሊያ» እና «ሴኔጋሊያ» ሆኑ። አሮጌው መጽሐፍ አንድ ይላል፣ አዲሱ ሌላ። ተማሪ ግራ ይገባዋል። በቡና ላይ ይህ ይደገም?

ከጅማ፦ እህቴ፣ መልሱን ራስሽ ሰጠሽን! ለአውስትራሊያ ሲሆን ደንቡ ይለጠጣል፣ ለእኛ ሲሆን አይነካም? እ.ኤ.አ. በ2024 ማድሪድ ላይ በዚሁ ጉባኤ ጥቁሮችን ከሚሰድብ ቃል የተወሰዱ ከ200 በላይ ስሞች እንዲቀየሩ ተወስኗል። አይቻልም አትበይን።

መምህርት፦ ያ ስድብ ነው፣ መነሳትም ነበረበት። «አረቢካ» ማንንም አይሰድብም።

የእፅዋት ተማሪ፦ ላቲኑን ራሱን እንደ ጠላት አንየው። ጤፍ በሳይንስ «ኤራግሮስቲስ ጤፍ» ነው። እንሰት «ኤንሴቴ» ነው። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ እ.ኤ.አ. በ1835 ዋልያንና ጭላዳን ሲሰይም የአገሬውን ስም ወስዷል፤ «ካፕራ ዋልዬ» እና «ጌላዳ» አለ። የላቲን መልክ ይያዝ እንጂ ቃሉ ከየትም ቋንቋ መምጣት ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ደግሞ የአዲስ ዕፅ መግለጫ በእንግሊዝኛም ይፈቀዳል። እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ገና ያልተሰየሙ ዕፅዋቶቻችንን ማን ነው ቀድሞ የሚያጠናቸው? ገንዘቡና ጉልበቱ እዚያ ላይ ይዋል።

ከጅማ፦ ይዋል፣ ማን ጠላ። የቡናው ጥያቄ ግን በዚህ አይዘጋም።

የቡና ልጅ፦ አይዘጋም። ስሙ እስኪቀየር በመማሪያ መጽሐፎቻችን «ኮፌያ አረቢካ» በተጻፈበት ሁሉ መነሻው ኢትዮጵያ መሆኑ አብሮ ይጻፍ። ለዚህ የማንም ጉባኤ ፈቃድ አያስፈልገንም።